አላወጣም፣ አልወጣም

ስም አላት። እናቷ አስባ ያወጣችላት፣ ዘመድ ሁሉ የተስማማበት ጥሩ ስም ነው። ግን ያ ስም የልምምድ ክፍሉ በር ላይ ከካፖርቷ ጋር ተሰቅሎ ይቀራል። ከበሩ ወዲህ ዳባ ነች።

ምክር የማይገባውን፣ ሲጠሩት ሰምቶ እንዳልሰማ የሚያልፈውን ሰው «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» እንለዋለን። ዳባ የለበሰ ጆሮ ቢጮኹበት አይሞቀው፣ አይበርደው። ይህች ሴት በአንድ ቲያትር ቤት ኦርኬስትራ ውስጥ አንደኛ ክላርኔት ሆና ስትነፋ ኖራ፣ አርባን ከተሻገረች በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱንም ጆሮዎቿን በውታፍ ደፍና ልምምድ ገባች። ሙዚቀኛ ጆሮውን ደፍኖ ሲመጣ እንኳን እነዚያ ነገር ፈላጊ ባልደረቦቿ፣ ቅዱሳንም ቢሆኑ ዝም አይሉም። ስሙ የሻይ ሰዓት ሳይደርስ ወጣላት። ሴት ስለሆነች «ዳባ ልበሽ» መባል አለበት ብሎ የተከራከረም ነበር። አጠገቧ የሚቀመጠው ሳክስፎን ተጫዋች ግን አልተቀበለውም። ትእዛዙ ለጆሮው ነው እንጂ ለእሷ አይደለም፣ ጆሮ ደግሞ ወንድ ነው፣ የሚነግሩትን የማይሰማውም ለዚህ ነው ብሎ ፈረደ። በዚያ ቤት ሰው የሚጠራው በያዘው መሣሪያ ስለሆነ እኛም ይህን ሰውዬ ሳክሱ እያልን እንቀጥል።

የልምምድ ክፍሉ ቀድሞ የመድረክ ዕቃ ማከማቻ የነበረ ምድር ቤት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ ድምፅ አንዴ ከገባ መውጫ አጥቶ ሲንገላታ ይውላል። ክላርኔቶቹ ከትራምፔቶቹ ፊት ይቀመጣሉ። ትራምፔቱ፣ ሰውዬውን ማለቴ ነው፣ ደረተ ሰፊና ሳንባው የማይደክም ሲሆን የመሣሪያው አፍ በቀጥታ የሚያነጣጥረው የእሷ ማጅራት ላይ ነው። የጎልማሳነት ዘመኗን በሙሉ እንዲህ ተቀምጣ ነው የነፋችው። ማንም ደግሞ ነውር ነው አላለም፤ ወንበር ወንበር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠብ የመጣው ከአንዲት ፊደል ነው። ያን ቀን ያደረገችው ከፋርማሲ የተገዛ፣ ጠቅልለው የሚከቱት ቢጫ ስፖንጅ ነበር። ትራምፔቱ ከኋላዋ ሆኖ አየውና እጁን አውጥቶ፣ ጆሮዋ ውስጥ ባዕድ ነገር እንዳለ ለመሪው አሳወቀ። መሪውን ሁሉም ማስትሮ ይሉታል፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ከልምምድ ክፍሉ ሌላ ቤት ያለው የማይመስል ቀጭን ሽማግሌ ነው። ልምምዱን አስቆመ፣ ትክ ብሎ አያት፣ አንድ ቃል ተናገረ። እሷ የሰማችው «ውጪ» የሚል ነው።

ደነገጠች፤ ከዚያ ተናደደች፤ ከዚያ ኖታዋን አጠፈች። ክላርኔቷን ብብቷ ሥር ይዛ፣ በወንበሮቹ መሀል አልፋ፣ በሩን ሳትዘጋ ወጣች። ከዚያ በፊት ማስትሮን ትቶ የወጣ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ክፍሉ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሳክሱ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብሎ ተከትሏት ወጣና ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኛት። ይህን ያህል ጀግና መሆኗን እንደማያውቅ ነገራት።

«ምን ላድርግ? ውጪ አለኝ፣ ወጣሁ» አለችው።

«ማን ነው ውጪ ያለሽ?»

«ማስትሮ ነዋ።»

«አውጪ ነው ያለሽ» አለ ሳክሱ። «የደፈንሽውን አውጪ።»

ተያዩ። ከዚያ ሳቅ መጣ፤ ሳክሱ የደረጃውን ብረት ይዞ፣ እሷ ጉልበቷ ላይ ተደፍታ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያቺ «አ» ስፖንጁ ውስጥ ሰጥማ ቀርታለች።

ሳቁ ሲያልቅ ግን የገባችበት ጣጣ ወለል ብሎ ታያት። ተመልሳ «ይቅርታ፣ ውጪ ያሉኝ መስሎኝ ነው» ብትል፣ ማስትሮ የሚፈልገውን ምስክርነት በገዛ አፏ ሰጠችው ማለት ነው። ያውላችሁ፣ ደፍና አትሰማም ይልና ነገሩ በዚያው ያበቃል። ዝም ካለች ደግሞ መሪዋን ንቃ፣ ልምምድ ረግጣ የወጣች ስድ ነች። ሁለቱንም በልቧ መዘነቻቸው።

«ደንቆሮ ከምባል ባለጌ ልባል» አለች። በነጋታው ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ አልጠየቀችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳባ የሚለው ስም ከቀልድነት አልፎ ትንሽ መፈራት ጨመረበት።

ይህን ያህል ግትርነት ለምን አስፈለገ የሚል ካለ አባቷን ይጠይቅ፤ ግን ጮክ ብሎ ይጠይቅ። አባቷ ጡረታ እስኪወጣ በዚያው ኦርኬስትራ፣ በዚያው ምድር ቤት ድራም ይመታ ነበር። ከእናቷ ሞት ወዲህ አብረው የሚኖሩት እሱና እሷ ናቸው። ሽማግሌው መልካም ሰው ነው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ለማንኛውም ነገር የሚሰጠው መልስ ግን «ሰማሁ» የሚል ነው። ዳቦ አልቋል ሲባል «ሰማሁ» ብሎ ይቀመጣል። ራስህን ያምሃል ወይ ሲባልም «ሰማሁ» ይላል። በዚያ ቤት «ሰማሁ» ማለት አልሰማሁም ማለት መሆኑን ልጆቹም፣ የልጅ ልጆቹም ያውቃሉ። ቴሌቪዥኑን የሚከፍትበትን ድምፅ የሰማ ሁሉ፣ ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤት የራሷን ሸጣ በእሱ ነው የምትከታተለው እያለ ይቀልዳል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አባባሉ ለሐሜት ነው፤ ስለ ሰውዬው የሚወራው መጨረሻ የሚደርሰው ራሱ ዘንድ ነው ለማለት ነው። በዚያ ቤት ግን አባባሉ በሁለት በኩል ነበር የሠራው። የሽማግሌው ጆሮ መዳከሙን ሁሉም ያወራል፣ በሹክሹክታ እንኳ አይደለም፣ እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ለእሱ ለራሱ የነገረው ግን አንድም ሰው የለም። ያሳፍራል። ሰው አባቱን «አትሰማም» ይላል እንዴ?

እሷን ያነቃት ማንቆርቆሪያ ነው። ከስፖንጁ በፊት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎን ቁጭ ብላ ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ሰማች። ውኃ ጥዶ ረስቶት ነው ብላ አባቷን በሆዷ እየተቆጣች ወደ ማድ ቤት ሄደች። ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። ማንቆርቆሪያው ባዶውን መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ፉጨቱ ግን አላቋረጠም፤ ወደ ሳሎን ስትመለስ አብሯት ተመለሰ፣ ስትተኛም አብሯት ተኛ። ያን ጊዜ እውነተኛ ፍርሃት ፈራች።

የጆሮ ሐኪሟ ወሬ የማታበዛ ሴት ነች። መረመረቻትና፣ ጫፍ ጫፉ፣ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ መሄድ እንደጀመረ ነገረቻት። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን መጠበቅ ይቻላል አለች። ቀጥላም ከቤተሰብ የማይሰማ ሰው እንዳለ ጠየቀቻት። አባቷ እንዳለ ነገረቻት።

«ነግራችሁታል?» አለች ሐኪሟ።

ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች። ሐኪሟም መልሱን አገኘች መሰለኝ፣ ሌላ አልጠየቀችም።

እንግዲህ ከ«ውጪ» እና ከ«አውጪ» ጣጣ በኋላ ስፖንጁን ጥላ እዚያችው ሐኪም ዘንድ ተመለሰች። ሐኪሟ ጆሮዋ ውስጥ ለስላሳ ነገር አፍስሳ ልኩን ወሰደች፣ በልኩም ለሙዚቀኛ የሚሆን ውታፍ ተሠራላት። መስተዋት የመሰለች ትንሽ ነገር ነች፤ ድምፅን ዝቅ ታደርገዋለች እንጂ አትደፍነውም። ሰው ሲናገር «አ»ም ከነነፍሷ ትገባለች። ችግሩ ሌላ ነበር። ክላርኔት በጥርስ የሚያዝ መሣሪያ ስለሆነ፣ ጆሮ ሲዘጋ ንዝረቱ ሁሉ በመንጋጋ በኩል ራስ ቅል ውስጥ ይገባና የራሷ ድምፅ ከሌላው ሁሉ ገንኖ ይሰማታል። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነው። መጀመሪያ ጊዜ በጣም ዝቅ አድርጋ ነፋች፣ ቀጥሎ ደግሞ በጣም ከፍ አደረገች። ቤቷ በሩን ዘግታ እንደ ጀማሪ ረጃጅም ድምፅ ስትይዝ ከረመች፤ አባቷ በዚያ ሁሉ መሀል ተረጋግቶ ጋዜጣውን ያነባል። በመጨረሻ ከመንጋጋዋ የሚመጣውን ቀንሳ፣ ከክፍሉ የሚመጣውን ጨምራ መስማት ለመደች።

ማስትሮ ግን አልለመደም። እሱም ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በእሱ ቤት ሙዚቀኛ ማለት ጆሮ ነው፤ ጆሮውን ለመሪው ያልሰጠ ሰው ምኑን ሰጠ? በየልምምዱ «ሰምታችኋል?» ብሎ ሲጠይቅ ዓይኑን እሷ ላይ ይተክላል። እሷም አገጯን ቀና አድርጋ መልሳ ታየዋለች። እንዲህ ሲተያዩ ከረሙ።

አንድ ጠዋት ታዲያ ክላርኔቶቹ ዝም የሚሉበት ቦታ ላይ ማስትሮ ለትራምፔቱ በዓይኑ ጠቀሰው። ትራምፔቱ ከኋላዋ እጁን ሰደደና የቀኝ ጆሮዋን ውታፍ ከጠርሙስ ቡሽ እንደሚነቅል ሰው ነቀለው። ኦርኬስትራው አንድ በአንድ ቆመ። እሷ ከመናገሯ በፊት ሳክሱ መሣሪያውን ከአፉ አነሳ።

«ውታፍ ነቃይ ሲባል በወሬ እሰማ ነበር» አለ። «በዓይኔ ሳየው ዛሬ ነው።»

ውታፍ ነቃይ የምንለው ከጌታ እግር ሥር የማይጠፋውን፣ ላኩኝ ባዩን፣ ለባለ ሥልጣን ተላላኪውን ነው። ክፍሉ ፈነዳ። ድራም መቺው ሳይቀር ዱላውን ጥሎ ሳቀ። ትራምፔቱ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ፤ ያቺን ትንሽ ነገር በሁለት ጣቱ ይዞ የት እንደሚያደርጋት ጠፋው። እሷ መዳፏን ዘረጋችለት። አስቀመጠላት። በመሀረቧ ጠረገቻት፣ አንዴ እፍ አለችባት፣ ማስትሮን እያየች ጆሮዋ ውስጥ መልሳ ከተተቻት።

ማስትሮ ያን ቀን ልምምዱን አስቀጠለ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግን ሳይደውል ቤታቸው መጣ። ከአባቷ ጋር ወጣት ሆነው አብረው የተጫወቱ፣ በአንድ አውቶቡስ ከከተማ ከተማ የዞሩ ሰዎች ናቸው። ልጅቷን እኔ ካቃተኝ አባቷ ይመክራት ብሎ ነው የመጣው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተቀመጡ፣ እሷ ሻይ ቀዳች። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ማስትሮ አሳምሮ ተናገረ። ልጅህን እወዳታለሁ አለ፤ እንደ እሷ ያለ ክላርኔት በእጄ አላለፈም አለ። ግን ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው ጆሮውን ዘግቶ ከቆየ እኔ ለማን ነው የምመራው አለ። አባቷ በየመሀሉ ራሱን እየነቀነቀ «ሰማሁ» ይላል። እሷ ይህች «ሰማሁ» ምን እንደሆነች ስለምታውቅ ሻይዋን እያማሰለች ትጠብቃለች። ደግሞም አባቷ በትክክል ቢሰማ ከማስትሮ ጋር እንደሚሆን ታውቃለች። እሱም የድሮ ሰው ነው፤ ሙዚቀኛ ደፍኖ ሲጫወት ቢያይ ራሱ ይነቅለው ነበር። ውታፉን እስከዚያን ቀን የደበቀችውም ለዚህ ነው።

«ስለዚህ የእኔ ቃል አንድ ነው» አለ ማስትሮ በመጨረሻ። «ታውጣ።»

አባቷ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አጮኸው።

«ትውጣ?»

«አዎ፣ ታውጣ።»

«ማን ሆነህ ነው ልጄን ትውጣ የምትለው? ያንን ጉድጓድ በዱላዬ ያሞቅሁት እኔ ነኝ። ከነፋሽ ሁሉ እሷን የሚያህል አለህ? ቤቴ መጥተህ ሻዬን እየጠጣህ ትውጣ ትለኛለህ?»

«ታውጣ ነው ያልኩት።»

«ሰማሁ እኮ! ትውጣ አልክ።»

ማስትሮ ተነሣና በቃል ያልሆነለትን በእጁ ሊያስረዳ የራሱን ጆሮ ይዞ ጎተተ። ይሄ ደግሞ እሳቱ ላይ ጋዝ ሆነ። አባቷ «ጆሮዋን ልትቆነጥጣት ነው? ይህችን የምታህል ሴት!» ብሎ ወንበሩን ገፍቶ ቆመ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጠረጴዛ ተገን አድርገው ተፋጠጡ።

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ያችው ፊደል ነች። እሷን ከልምምድ ክፍል ያስወጣቻት ፊደል አሁን አባቷን ከወዳጁ ልታጣላው ነው። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እሷ ስትሳሳት ስፖንጅ ደፍና ነበር፤ አውጥታ ጣለችው፣ ሰማች። አባቷ ምኑን ያወጣል? በጆሮው ውስጥ ምንም የለም። ማንም ያልነገረው ሰው ቆሞ፣ ያልተባለ ነገር ሰምቶ፣ ስለ እሷ ይዋጋል። በጣም ወደደችው። በጣምም አፈረች።

«አባባ» አለች፣ «አትሰማም።»

«ሰማ...» ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ አቋረጠ። «ምን አልሽ?»

ይህን ጠይቆ አያውቅም። ደገመችለት። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ እሷ ዘነበለ።

«ጮክ በይ።»

እንግዲህ ያ ቤተሰብ ዘመን ሙሉ የሸሸው ነገር በሹክሹክታ የሚነገር አልሆነም። ማስትሮ ፊት፣ መስኮቱ እንደተከፈተ፣ ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤት እየሰማች መጮኽ ነበረባት። ጮኸች።

«አባባ፣ ጆሮህ አይሰማም! ሁላችንም እናውቃለን! አፍረን ነው ያልነገርንህ!»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ማስትሮም ተቀመጠ። ከላይ ጎረቤቷ መስኮቷን ስትዘጋ ተሰማ፤ ለሁለቱ ተሰማ ማለቴ ነው።

«እሱንስ ሰማሁ» አለ አባቷ።

እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው ቆየ። እጆቹ ደህና ናቸው፤ እስከ ዛሬም ጠረጴዛ ሲመቱ አይስቱም። ከዚያ ዓይኑን ሳያነሣ፣ ለሻይ ብርጭቆው የሚነግር ይመስል ተናገረ።

«ክላርኔትሽን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ። ጣቶችሽ ሲቆሙ አይቼ ነው የማጨበጭበው።»

አለቀሰች፤ አልደበቀችም። በየትርኢቱ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሁሉ ቀድሞ የሚያጨበጭበው ሰው ይህ ነው። ከዚያ ከቦርሳዋ ትንሿን ማስቀመጫ አውጥታ ውታፎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ምን እንደሆኑም ጮክ ብላ ነገረችው። አንዷን አንሥቶ ወደ ብርሃን አድርጎ አያት። ለማስትሮ የተናገረው አጭር ነው፤ ይቆይላት አለ። ማስትሮ ቤት ሌላ፣ መድረክ ሌላ ብሎ ባርኔጣውን አነሣ። ሲወጣ ግን የወዳጁን ትከሻ ያዝ አድርጎ ነው የወጣው።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ማስትሮ ኖታውን ከመክፈቱ በፊት ዘንጉን አስቀመጠ። ቃሉን በጥርሱ እየቆረጠ፣ ፊደል በፊደል ተናገረ።

«ወይ አውጪ፣ ወይ ውጪ። ዛሬ አልሰማሁም ማለት የለም።»

ክላርኔቷን እንደያዘች ብድግ አለች። ውታፎቹ ጆሮዋ ውስጥ ናቸው። ልቧ ይመታል፣ ድምፁም ከሁሉ ገንኖ ራሷ ውስጥ ይሰማታል።

«ሁለቱንም ሰምቻለሁ፣ ማስትሮ» አለች። «አላወጣም። አልወጣም።»

ተቀመጠች። ሪዷን፣ የመነፊያዋን ስስ ሸምበቆ፣ በምላሷ አርጥባ፣ መሣሪያዋን ወደ አፏ አስጠግታ ጠበቀች። ማንም አልሳቀም። ትራምፔቱ እንኳ ጫማውን ነበር የሚያየው።

ማስትሮ ሊያባርራት አይችልም ነበር፤ ማባረር የቲያትር ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ሥልጣን ነው፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ጥፋቷ ምንድነው ማለቱ አይቀርም። ጆሮዋን ጠበቀች ተብሎ ሰው አይባረርም። የሚችለውን አደረገ። አንደኛ ክላርኔትነቷን ገፈፋት፣ ለቲያትር ቤቱ የምሥረታ በዓል የተዘጋጀውን ሶሎ እስከዚያ ሁለተኛ ለነበረው ወጣት ክላርኔት ሰጠው። እሷን ሁለተኛ አድርጎ ከፊት አንሥቶ ከሁሉም ኋላ፣ ከትራምፔቶቹ ጀርባ ወረወራት።

ወንበሯን ተሸክማ ወደ ኋላ ሄደች። ልምምዱ እንደተጀመረ ግን ከንፈሯን ነከሰች፣ ሳቋን ለመያዝ ነው። የትራምፔት አፍ ወደ ፊት ነው የሚያየው። ከኋላው የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ትርፍራፊውን ነው። በዚያ ክፍል ከሁሉ የተሻለውን ወንበር ቅጣት ብለው ሰጧት። በአሮጌው ቦታዋ ላይ ተገፍቶ የተቀመጠው ሳክሱ ብዙም ሳይቆይ ወደ እሷ መጥቶ፣ ያቺ ሐኪም የት ነበር ያለችው ብሎ ጠየቃት።

ሶሎው ግን አመማት። ይህንን መሸፋፈን አያስፈልግም። ያ ሶሎ የሚገባው ለእሷ ነበር፤ ወጣቱ ልጅ ሲነፋው በመሀል የሚስታትን ቦታ እያወቀች መቀመጥ ከባድ ነው። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ ተመልሳ ከትራምፔቶቹ ጀርባ ተቀመጠች። ውታፎቹን አላወጣችም።

ሁለተኛ ክላርኔት ማለት ዜማው ከላይ ሲበር ከሥር ሆኖ መሬት የሚይዝለት ነው። ወፍራሙን፣ ዝቅተኛውን ድምፅ ረጅም አድርጎ ይይዛል፤ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ደግሞ ይይዛል። ሰው ከትርኢት ሲወጣ የሚያፏጨው ዜማውን ነው። የሁለተኛ ክላርኔትን ድርሻ ሲያዜም የተሰማ ሰው የለም። እሷ ግን ያንን ድርሻ ከልቧ ተጫወተችው፤ እልኳን ሁሉ እዚያ ወፍራም ድምፅ ውስጥ አፈሰሰችው።

የምሥረታ በዓሉ ትርኢት እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። አባቷ ሸሚዙን አስተኩሶ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። መስሚያ መሣሪያ እንዲያደርግ ለምናው እምቢ ብሏል፤ ሽማግሌ ያስመስለኛል አለ፣ ሰማንያ ሊሞላው ምን ቀርቶት። ከኋላ ሆና ልታየው ሞከረች፣ የትራምፔቶቹ ትከሻ ከለከላት። ጣቶቿን አያይም ብላ አሰበች፤ ዛሬ በምን አይቶ ያጨበጭባል? ሶሎው ደረሰ፣ ልጁ ያቺን ቦታ ሳታት፣ አለፈ። እሷ ከሥር ያዘችለት።

ትርኢቱ አልቆ በጎን በር ስትወጣ አባቷ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃት ነበር።

«ዛሬ ሰማሁሽ» አለ።

«እሺ አባባ» አለች። ለዳቦውም ለራስ ምታቱም የሚላት ቃል ነችና አላመነችውም። ክንዱን ይዛው በእግረኛው መንገድ ሄዱ። መኪኖቹ ይጮኻሉ፤ እሷ ከመድረክ ስትወርድ ውታፎቿን ሳታወጣ ነው የመጣችው።

ጥቂት እንደሄዱ አባቷ ክንዷ ላይ በሁለት ጣቱ መምታት ጀመረ። የድሮ ልማዱ ነው፣ አላስተዋለችውም። ከዚያ በደረቱ ማንጎራጎር ጀመረ። ሰው ሁሉ እያፏጨ የወጣው ዜማ መሰላትና ጆሮዋን ሰጠችው። ዜማው አይደለም። ወፍራም ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ረጅም ይይዛል፣ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ደግሞ ይይዛል። መሀል ላይ ትንፋሽ ወሰደ፤ እሷ የወሰደችበት ቦታ ላይ ነው የወሰደው። ቀጭኑ ሁሉ ጥሎት ሲሄድ ወፍራሙ ቀርቶለት ኖሯል።

መንገዱ መሀል ቆመች። ሰዎች ግራና ቀኝ እየገፏት አለፉ። ሽማግሌው መቆሟን ልብ ሳይል ማንጎራጎሩን ቀጠለ፣ ዓይኑን ጨፍኗል።

እጇን ወደ ጆሮዋ አነሣች። ማንም አውጪ ሳይላት አወጣቻቸው።